አምስትን መፋቅ

ስሜ አስታማን ነው፤ በቦጅፑር ገበያ
ሰሌዳ እጽፋለሁ፤ የዘር ነው ይህ ሙያ።
በአንድ የብሩሽ እጀታ ሦስት ትውልድ አልፏል፤
አያቴ ይዞት ነበር፣ አባቴም፤ ለኔ ተላልፏል።

በኔፓል ወግ ክብር በቁጥር ይለካል፤
«ሽሪ» የምትባል ቃል ከስም ፊት ትተከላለች።
ለተራው ሰው አንድ።
ሥልጣን በዘር ለወረሰ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሦስት።
ለንጉሡ አምስት።
አምስቴ መደርደር ቀለም ስለሚጨርስ፣ ቦታም ስለሚያጥር
ልማድ ሆነና ጻፍናት በቁጥር፦
«የሽሪ ፭ መንግሥት ፖስታ ቤት»፣
«የሽሪ ፭ መንግሥት ወህኒ ቤት»፣
በቅሎ የሚያድርበት ጋጣ እንኳ አልቀረም ከዚህች ሹመት።

አያቴ ሦስትን ፋቀ በጉብዝናው ወራት፣
ባለላባ አክሊል ጌቶች በወደቁበት ሰዓት።
አባቴ አምስትን ጻፈ ዕድሜውን በሙሉ፤
ጭራዋን ሲያጥፍላት «እንዴት ታምራለች!» እያሉ
ሹሞች ቆመው ያዩለት ነበረ።
ለኔ የደረሰኝ መፋቁ ቀረ።

ፓርላማው ካትማንዱ በአንድ ቀን ወሰነ፤
ጭብጨባው እኛ ዘንድ ሲደርስ ወር ሆነ።
ያደረሰውም ፑርናሃንግ ራይ ነው፣ ያ ከሲታ ጸሐፊ፣
የአሥራ ዘጠኝ ሰሌዳ ዝርዝር በብብቱ ሸጉጦ።
«ክፍያዬ በፊደል ነው» አልኩት።
«‹ኔፓል› ብለህ ስትጽፍ ሦስት ፊደል ነው፤ ይከፈልሃል።
የሚፋቀው ግን ምኑ ሥራ ይባላል?»
«ከጻፍከው ይልቅ የፋቅከው ክንድ ያዝላል!»
ሲመሽ ተስማማን። ብሩ ግን ዘገየ።

ሻካራ ወረቀት፣ ነጭ ቀለም፣ መሰላል።
ፋቅኋት፤ ቀባኋት፤ ጠፋች ይመስላል።
ክረምት ገባ፤ ዘነበ፤ ነጩ ቀለም ሳሳ፤
ያባቴ አምስት ብቅ አለች፣ ከእንቅልፍ እንደሚነሣ።
በጣቴ ዳሰስኳት። ያባቴን እጅ ዳሰስኩ።
ዳግመኛ እስክቀባት ሦስት ቀን ታገስኩ።

የምርጫው ዕለት ንጋት፣ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ
ሰልፉ ገደሉን ዞሮ ምንጩንም ሲያልፍ
ሱንማያ ታማንግ ከፊቴ ቆማለች።
ሰባን ተሻግራለች፤ ፊደል አትለይም፤ ሥዕሎቹን ታያለች፦
«ዛፉ የማን ነው? ፀሐይዋስ? መዶሻውስ?
ወንዙ ልጄን ወስዶታል፤ ድልድይ እሠራለሁ ያለው የቱ ነው?»
«ሁሉም ብለዋል» አልኳት።
ዝም አለች፤ ገባች፤ ወጣች። የተቀባ ጥፍሯን አሳየችኝና፣
የቀለም ሰው ነህ ብላ፣
«ይኼስ በስንተኛው እጥበት ይለቃል?»
«ከኔ ቀለም ይቆያል» አልኳት።

ሳጥኖቹ በሸክም ቁልቁል ወረዱ።
ጉባኤው በተቀመጠ ሌሊት፣ ሻይ ቤት ሬዲዮ ከበን ሰማን፤
ንጉሥ የለም ተባለ።
ማንም አልጮኸም። ባለቤቱ የገነፈለውን ወተት አወረደ፤
አንድ ሽማግሌ ውሻውን በስሙ ተጣራ፣
አጠገቡ ተኝቶ ሳለ።

ክፍያዬ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፣ በሁለት ዓመቱ።
ፑርናሃንግ ቆጠረልኝ፣ ምራቅ ነክቶ ጣቱ።
ባለ አምስት መቶውን ወደ ብርሃን ባነሣው
ንጉሡ ተደብቆ በሚታይበት ባዶ ስፍራ
ቀይ የጉራስ አበባ አትመውበታል።
ከአበባው ሥር ግን፣ ጠጋ ብሎ ላየው፣
አክሊል አለ፣ አፍንጫ አለ፣ ደብዘዝ ብሎ።
ሳቄ መጣ፤ ለካ ባልንጀራ አለኝ ካትማንዱ፣
እሱም እንደኔ በነጭ ላይ ሲደክም የሚውል።

ደረሰኙን ዘረጋልኝ ለፊርማ።
«ለሽሪ አስታማን ቺትራካር» ይላል።
አንድ ሽሪ። የኔ።
አራቱስ የት ገቡ ልለው ከጅዬ
ወረፋው ረጅም ነበር፤ ፈርሜ ወጣሁ።

ሱንማያ ከወንዙ ማዶ በገመድ ትሻገራለች፣
ጥፍሯ ካደገ ቆየ፤ ጥቁሩም ተቆርጦ ወድቋል።
ከደቡብ በኩል ደመና ይጎተታል።
መሰላሉን ዛሬ ወደ ቤት አላስገባሁትም።